ለጭስ ሥጋ የሚሆን የርቀት ቴርሞሜትር እንዴት ይመረጣል?

በጭስ የሚበስል ሥጋ በሰዓት አይለካም። አምስት ኪሎ የሚመዝን ፍርምባ፣ አሜሪካ ውስጥ ብሪስኬት የሚሉት የበሬ ደረት፣ አንድ ቀን በ10 ሰዓት ይደርሳል፤ ሌላ ቀን በዚያው ምድጃ 15 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የሥጋው ውፍረት፣ የስቡ መጠን፣ የአየሩ እርጥበትና ነፋሱ ሁሉ ሰዓቱን ይለውጡታል። መድረሱን የሚናገረው ሥጋው መሃል ያለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ስሞከር (ሥጋ በጭስ የሚበስልበት ምድጃ) የገዛ ሰው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ ክዳኑ ሳይከፈትና አጠገቡ ሳይቆም ያንን ሙቀት የሚያሳየው ቴርሞሜትር ነው።

ገበያው ላይ ያለው ዓይነት ብዙ ነው። ምርጫውን የሚወስኑት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መለኪያው ትክክል መለካቱ፣ ሲግናሉም እርስዎ ካሉበት ቦታ መድረሱ። ያማሩ ግራፎች፣ የምግብ አዘገጃጀቶችና “ሥጋዎ በዚህ ሰዓት ይደርሳል” የሚሉ ግምቶች ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ ስሞከሮችም ሆኑ መመሪያዎቻቸው በፋራናይት ስለሚናገሩ፣ ከዚህ በታች ያሉት የሙቀት ቁጥሮች በፋራናይት ናቸው፤ በቅንፍ ያለው ሴንቲግሬድ ነው።

ክዳኑ ላይ ያለው መለኪያ አይበቃም?

አይበቃም። ክዳኑ ላይ የተተከለው ክብ መለኪያ በውስጡ የሁለት ብረቶች ጥምዝ አለው፤ ሲሞቅ ጥምዙ ይፈታና ቀስቱን ያዞራል። ዋናው ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መለኪያው የሚያሳየው ከሥጋው በላይ፣ ክዳኑ ሥር ያለውን ሙቀት ነው፤ ሥጋው የተኛው ግን ታች ፍርግርጉ ብረት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል 50 ዲግሪ ፋራናይት (ወደ 28 ሴንቲግሬድ) ልዩነት መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እሳቱ በጎን በኩል በተለየ ሣጥን በሚነድበት ስሞከር ደግሞ ለእሳቱ የቀረበው ጎንና የራቀው ጎን ራሳቸው ይለያያሉ። ከዚህም ሌላ ያ መለኪያ ስለ ሥጋው ውስጥ የሚያውቀው ነገር የለም።

የርቀት ቴርሞሜትር ሁለቱን ሙቀቶች ለየብቻ ይለካል። ፕሮብ የሚባለው በጫፉ የሙቀት ስሜት ያለው የብረት ዘንግ ነው፤ አንዱ ሥጋው ውስጥ ይሰካል፣ ሌላው ፍርግርጉ ላይ ተቆንጥጦ የምድጃውን አየር ይለካል። ሁለቱ ሙቀት በሚችል ሽቦ ውጭ ካለው አስተላላፊ ጋር ይገናኛሉ፤ አስተላላፊው ቁጥሩን ወደ ስልክዎ ወይም አብሮት ወደሚሸጠው ትንሽ ተቀባይ ይልካል። አንድ ፕሮብ ብቻ ያለውን አይግዙ። ሁለት ትንሹ ነው፤ ፍርምባና ዶሮ ወይም ሁለት የበግ ወርች በአንድ ጊዜ የሚያበስል ሰው አራት የሚቀበል ቢገዛ ያዋጣዋል።

ቁጥሮቹ ምን ይነግሩኛል?

የምድጃው አየር በ225 እና በ275 (107 እና 135) መካከል እንዲቆይ ይፈለጋል። ከዚያ ሲወርድ እሳቱ ይታፈንና ጭሱ ይመርራል፤ ሲበዛ ደግሞ ውስጡ ሳይለሰልስ ውጩ ይደርቃል።

የሥጋው ቁጥር እንደ ሥጋው ዓይነት ይለያያል። ዶሮና ተርኪ መሃላቸው 165 (74) መድረስ አለበት፤ ይህ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ያወጣው የደህንነት ልክ ነው። የተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ 160 (71)፣ ያልተፈጨው 145 (63) ደርሶ ሦስት ደቂቃ ማረፍ ይበቃዋል። ፍርምባና የበግ ወርች ግን በ145 ለመብላት ምንም ባይከለከሉም እንደ ጎማ ይታኘካሉ። ሥጋውን ያጠነከረው ኮላጅን የተባለው ማያያዣ ቀልጦ ጄላቲን የሚሆነው ቀስ እያለ ስለሆነ እስከ 195 ወይም 205 (91–96) መሄድ አለባቸው።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው በመሃል ነው። ፍርምባው ከ150 እስከ 170 (66–77) ባለው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ሰዓት ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ የሚመለስበትም ጊዜ አለ። ምክንያቱ በእንስራ የተቀመጠ ውሃ ፀሐይ ላይም ቀዝቃዛ ሆኖ የሚቆይበት ምክንያት ነው፤ ከሸክላው ሾልኮ የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሥጋውም ከላዩ ውሃ ሲተን ከእሳቱ የሚያገኘውን ያህል ሙቀት ያጣል። ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሏቸው ፕሮቡን እየነቀሉ የሚሰኩ፣ እሳቱንም የሚያንሩ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም አያስፈልጉም፤ ወይ መታገሥ ነው፣ ወይ ሥጋውን በፎይል ወይም ሽፋን በሌለው የሥጋ ቤት ወረቀት ጠቅልሎ ትነቱን መቀነስ።

ብሉቱዝ፣ ዋይፋይ ወይስ ሬዲዮ?

እዚህ ላይ ቤትዎን ይመልከቱ። ስሞከሩ የሚቆምበትና እርስዎ የሚቀመጡበት ቦታ መካከል ስንት ግድግዳ አለ? ግድግዳው እንጨትና ጂፕሰም ነው ወይስ ጡብና ኮንክሪት?

ብሉቱዝ ርካሹና ለማገናኘት ቀላሉ ነው። ስልኩ በቀጥታ ከአስተላላፊው ጋር ይነጋገራል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ድክመቱ ርቀት ነው። ሜዳ ላይ ራቅ ብሎ የሚሠራው ሁሉ አንድ የጡብ ግድግዳና አንድ የብረት በር ሲገጥመው ይቋረጣል። ስልኩን ኪስዎ ከትተው ወደ ሱቅ ከሄዱም ያበቃል። በረንዳ ላይ ከስሞከሩ ብዙ ሳይርቁ ለሚቀመጡ ሰዎች ግን ከበቂ በላይ ነው።

ዋይፋይ ቁጥሩን በቤቱ ኢንተርኔት አድርጎ ወደ ስልክዎ ስለሚልክ የትም ሆነው ያዩታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛ፣ አብዛኞቹ የሚቀበሉት 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፤ ብዙ ራውተሮች ደግሞ ይህንንና 5 ጊጋኸርትዙን በአንድ ስም አጣምረው ስለሚያሰራጩ ቴርሞሜትሩ “አልተገናኘም” እያለ ያታክታል። መፍትሔው ራውተሩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የ2.4ቱን በተለየ ስም ማውጣት ነው። ሁለተኛ፣ የራውተሩ ሲግናል ጓሮ ድረስ መድረስ አለበት። ከመግዛትዎ በፊት ስልክዎን ስሞከሩ የሚቆምበት ቦታ ይውሰዱ፣ የሞባይል ዳታውን ያጥፉ፣ ቪዲዮ ይክፈቱ። የሚቆራረጥ ከሆነ ቴርሞሜትሩም ይቆራረጣል።

ሬዲዮ የሚባለው የራሱ ተቀባይ ያለው ነው። ስልክም፣ ኢንተርኔትም፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም፤ ተቀባዩን አልጋ አጠገብ ያስቀምጡታል፣ ሙቀቱ ከተወሰነለት ሲወጣ ይጮሃል። ዝቅ ባለ ሞገድ ስለሚሠራ ግድግዳን ከብሉቱዝ ይልቅ ይሻገራል። ከታወቁት አንዱ የቴርሞወርክስ “ስሞክ” የተባለው ሁለት ፕሮብ ያለው ሲሆን ኩባንያው የሚለው ርቀት መሃል ላይ ምንም ሳይጋርድ 300 ጫማ (ወደ 90 ሜትር) ነው። ሌሊቱን ለሚያበስልና ተኝቶ መንቃት ለሚፈልግ ሰው ከሦስቱ በጣም የሚታመነው ይህ ነው፤ ሊበላሽበት የሚችልበት መንገድ ጥቂት ነው።

አሜሪካ ገዝቶ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ሰው የሬዲዮውን ሞገድ ያንብብ። በአሜሪካ የተፈቀደው 915 ሜጋኸርትዝ አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ዕቃ የተመደበ አይደለም፤ እዚያ 433 እና 868 ናቸው። ብሉቱዝና ዋይፋይ ግን በሁሉም አገር አንድ ናቸው።

ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ርቀት ሁሉ የተለካው ሜዳ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የዚያን ሩብ ቢያገኙ ጥሩ ነው ብለው ያስቡ። ሲግናል አልደርስ አለ ብለው ደግሞ ስሞከሩን ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ተሸፈነ በረንዳ በፍጹም አያስገቡ። ከሰልና እንጨት ሲነዱ የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ በሩ ገርበብ ብሎም ይገድላል። መንቀሳቀስ ያለበት አስተላላፊው ወይም ራውተሩ ነው።

ሽቦ የሌላቸው ፕሮቦችስ?

ሚተር በሚባለው ስም የታወቁት እነዚህ ባትሪውንም አንቴናውንም በአንድ ዘንግ ውስጥ ይዘዋል። ለማጽዳት ቀላል ናቸው፣ ሥጋውን ሲገለብጡም የሚጎተት ሽቦ የለም። ገደባቸውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክሱ ያለው ሥጋው ውስጥ በሚገባው ክፍል ስለሆነ የሚጠብቀው ሥጋው ራሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ የሚተር ዘንጎች ይህ ክፍል ከ212 (100) በላይ እንዳይሞቅ ኩባንያው ያስጠነቅቃል፤ ዘንጉ ላይ እስከተቀረጸው መስመር ድረስ ካልገባ ይቃጠላል። ስለዚህ ለቀጭን ሥጋና ለዶሮ ክንፍ አይሆንም። የምድጃውን አየር የሚለካው ደግሞ ውጭ የቀረው ጫፍ ነው፤ ይህ ጫፍ ከቀዝቃዛና እርጥብ ሥጋ አጠገብ ስለሚውል በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ሲግናሉም ከወፍራም ብረት ክዳን ውስጥ መውጣት አለበት። ለምድጃ አየር ተብሎ ሌላ በሽቦ የሚሠራ ፕሮብ ካላቸው በስተቀር፣ በከሰል እሳቱን በእጅ ለሚቆጣጠር ሰው ሽቦ ያለው ይሻላል።

ስለ ፕሮቡ ምን ልጠይቅ?

ርካሽና መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ፕሮቦች ጫፋቸው ላይ ቴርሚስተር አላቸው፤ ይህ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ትንሽ አካል ነው። ለጭስ ሥራ በቂ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው እስከ 572 (300) ስለሆነ ነበልባል ላይ ካልዋለ አይጎዳም። ቴርሞካፕል የሚባለው ሁለት የተለያዩ ብረቶች የተጋጠሙበት ሲሆን ከዚያ በላይ ሙቀት ይችላል፣ ፈጣንም ነው፤ ለፒዛ ምድጃና ለነበልባል ካልሆነ ተጨማሪ ዋጋውን መክፈል አያስፈልግም።

መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ፕሮቡ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነውና። ሶኬቱ ስለገጠመ የሌላ ኩባንያ ፕሮብ ይሠራል ብለው አይግዙ። የየኩባንያው ቴርሚስተር የተቃውሞ ልክ ይለያያል፤ የሌላው ሲሰካ ቁጥር ያሳያል፣ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ነው። ይህ ጨርሶ ካለመሥራቱ ይብሳል።

ትክክለኛነትን ከነጥብ በኋላ ባለው አሃዝ አይለኩ። 203.4 ብሎ የሚጽፍ መሣሪያ አራት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። ሣጥኑ ላይ ከመደመርና መቀነስ ምልክት ጋር የተጻፈውን ያንብቡ፤ እስከ 2 ዲግሪ ፋራናይት ጥሩ ነው፣ ከ4 በላይ ከሆነ ይተዉት።

ማንቂያው ደግሞ ለምድጃው ከላይም ከታችም ገደብ መቀበል አለበት። ብዙ ርካሽ ዕቃዎች “ሲደርስ” ብቻ ይጮሃሉ፤ እሳቱ ሌሊት ቢጠፋ ዝም ይላሉ። ሲግናል ሲቋረጥ የሚጮህ ከሆነ እጅግ ይሻላል፤ አለበለዚያ ስክሪኑ ላይ የቀረው የመጨረሻ ቁጥር አሁን ያለ መስሎ ያታልላል። የፋሲካን ወይም የገናን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ለማደር ሥጋውን ጥደው የሚወጡ ሰዎችም ይህን ልብ ይበሉ፤ የዋይፋይ መልእክት ቅዳሴ ላይ ሳሉ ቢደርስዎት እሳቱ ያለው ቤት ነው። ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው እዚያ ይሁን።

ፕሮቡ የት ይሰካ?

ስሜት ያለው የጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጫፉ ያረፈበት ቦታ ነው የሚለካው፤ የቀረው ዘንግ ምንም አይለካም።

ፍርምባ ቀጭን ጎንና ስብ የበዛበት ወፍራም ጎን አለው። ፕሮቡ በቀጭኑ ጎን፣ በወፈረው ቦታ፣ ከጎን በኩል አግድም ገብቶ ጫፉ ልክ መሃሉ ላይ ይረፍ። የስቡ ንጣፍ ውስጥ ከገባ ከቀዩ ሥጋ የተለየ ቁጥር ይሰጣል። በግ ወርች ላይ ከአጥንቱ ቢያንስ አንድ ጣት ይራቅ። ዶሮና ተርኪ ሲሆን ከአንገቱ በኩል በደረቱ ርዝመት ይሰኩት፤ ጭኑን በኋላ ለብቻው ያረጋግጡ። ከመስካትዎ በፊት ፕሮቡን በአልኮል ወይም በሙቅ ውሃና ሳሙና ይጥረጉ፤ ላዩ ላይ ያለ ተሕዋስ በሚወጋው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል።

የምድጃው ፕሮብ ከሥጋው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ በፍርግርጉ ከፍታ፣ ብረቱን ሳይነካ በቆንጣጩ ይያዝ። ሥጋው ላይ ከተጠጋ ዝቅ፣ ከሰሉ በላይ ከሆነ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሽቦውን ክዳኑ እንዳይጨፈልቀው ስሞከሩ ላይ ካለው የሽቦ ማስገቢያ ቀዳዳ ያሳልፉት። አስተላላፊውን ክዳኑ ላይ አይለጥፉ፤ ጀርባው ማግኔት ስላለው ይፈትናል፣ ፕላስቲኩ ግን ይቀልጣል።

አንድ ቦታ የተሰካ ፕሮብ ስለ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚናገረው። ቁጥሩ 195 (91) ሲደርስ በእጅ የሚያዝ ፈጣን ቴርሞሜትር ወስደው ሦስት አራት ቦታ ይውጉ፤ ዘንጉ ምንም ሳይይዘው እንደ ለስላሳ ቅቤ የሚገባ ከሆነ ደርሷል። 203 (95) ላይ ሆኖም የሚይዝ ከሆነ ይቆይ።

ትክክል መለካቱን በምን አውቃለሁ?

በበረዶ። ብርጭቆ በተፈጨ በረዶ እስከ አፉ ይሙሉ፣ ክፍተቱን ቀዝቃዛ ውሃ ይሙሉበት፣ አማስለው ሁለት ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ የፕሮቡን ጫፍ የብርጭቆውን ግድግዳም ሥሩንም ሳያስነኩ መሃል ላይ ይያዙና እያማሰሉ ያንብቡ። 32 (0) ማለት አለበት። ውሃ በዝቶ በረዶው ከላይ ብቻ ከተንሳፈፈ ሥሩ ሞቅ ይላልና መለኪያው ያለ ጥፋቱ የተሳሳተ ይመስላል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ብዙዎቹ ማስተካከያ አላቸው፤ አምስት ዲግሪ ከሆነ ፕሮቡ ይቀየር።

በፈላ ውሃ መፈተንም ይቻላል፤ ግን ውሃ በ212 (100) የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር መፍያው ይወርዳል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል። ዴንቨር ላይ 203 (95) አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ 198 (92) አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በፈላ ውሃ 198 ያሳየ ፕሮብ ትክክል ነው፤ “ሊስተካከል” ቢሞከር ከዚያ በኋላ ሁሌም ይሳሳታል።

ፕሮብ ለምን ይበላሻል?

አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ነው። ሽቦው ከብረት ዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሙሉ በሙሉ የታሸገ አይደለም። ማጠቢያ ውስጥ ሲነከር ወይም በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሲገባ እርጥበት ይሰርጋል፤ ውሃው ለኤሌክትሪኩ አቋራጭ መንገድ ይሆንና ተቃውሞው ይወርዳል፣ መሣሪያውም ያንን “በጣም ሞቋል” ብሎ ያነበዋል። ምልክቱ ይኸው ነው፦ ሥጋው ገና ሳለ ቁጥሩ በድንገት ይዘላል። በ200 (93) አካባቢ በሞቀ ኦቨን አንድ ሰዓት ማድረቅ አንዳንዴ ያድነዋል፤ ሶኬቱን ግን ኦቨኑ ውስጥ አያስገቡ። ሽቦው በክዳን ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ፕሮብ የለም ይላል ወይም ሽቦው ሲነካ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ይመጣል። ያ አይጠገንም።

ሌላው ብልሽት የሚመስል ነገር የሙቀት መለኪያው ዓይነት ነው። ማንቂያውን 95 ላይ አድርገው መሣሪያው በፋራናይት ከሆነ ሥጋው ገና ከፍሪጅ እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ይጮሃል። ባትሪም ይታሰብ፤ ፍርምባ ከሌሊት እስከ ቀትር ስለሚሄድ፣ በክረምት ብርድ ደግሞ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም፣ ሁሌም አዲስ ወይም ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ ይዘው ይጀምሩ።

ሥጋው ከወጣ በኋላስ?

ፕሮቡን አይንቀሉ። ፍርምባው በወረቀት እንደተጠቀለለ፣ ከዚያም በፎጣ ተሸፍኖ በረዶ በሌለበት የበረዶ ሣጥን ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሊያርፍ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጭማቂው ይረጋል። የሥጋውን ማንቂያ አሁን ወደ ታች ይገልብጡት፦ 145 (63) ላይ ሲወርድ እንዲጮህ። ትኩስ ምግብ ከ140 (60) በታች ከወረደ ተሕዋስ የሚራባበት ክልል ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ክልል መቆየት የሚችለው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፣ የውጭው አየር ከ90 (32) በላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት። ደወሉ ሲጮህ ወይ ቆርጠው ያቅርቡት፣ ወይ 150 (66) ላይ ወደተለኮሰ ኦቨን ያዛውሩት።